የጓሳ ሣርና የቄሮ ሥርዓት፦ በመንዝ የኅብረተሰብ ጥበቃ ታሪክና ለትምህርት የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት በትምህርት ቤት በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ የአገራችን የጥበቃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከብሔራዊ ፓርኮች መቋቋም ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ መከለሉ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ዘመን ግን ደን የሚመነጠርበት፣ አውሬ የሚታደንበት፣ መሬትም ያለ ጠባቂ የኖረበት ዘመን ተደርጎ ይታለፋል። በዚህ አቀራረብ መሠረት የገጠሩ ሕዝብ ጥበቃን ከመንግሥት የተማረ እንጂ እርሱም በበኩሉ የሚያስተምረው ነገር ያለው ሆኖ አይታይም።

ይህ አስተያየት የተሟላ አለመሆኑን ከሚያስረዱት አንዱ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ነው። በዚህ ቦታ የአካባቢው ገበሬዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሰፊውን የደጋ ሣር ምድር በራሳቸው ደንብ፣ በራሳቸው አለቃና በራሳቸው ጥበቃ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ ከሚገኝባቸው ጥቂት ተራሮች አንዱም ይኸው ጓሳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጓሳን ውበት ማወደስ አይደለም። ሥርዓቱ በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበር፣ በምን ምክንያት እንደ ተናጋ፣ በምን ዓይነት መልክ እንደ ተመለሰ ባጭሩ መርምሮ፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊያተኩሩበት የሚገባውን ነጥብ ማሳየት ነው።

1. ቦታውና ሕዝቡ

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የውርጭ ምድር ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በገደል ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚያ በኩል የሚፈሰው ውኃ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ ከጀማ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይን ይገባል። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ሰው የሣር ቦታ ብቻ ሳይሆን የውኃ ጎተራም ነው።

ቦታው ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። መንዝ ብርዱ የበረታበት፣ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት አገር እንደ መሆኑ ሕዝቡ ከዚህ ሣር ጋር ያለው ግንኙነት የጠበቀ ነው። በጓሳ የተከደነ ቤት አያሌ ዓመታት ሳያፈስ ይኖራል። ከሣሩ ገመድ ይገመዳል፤ ለዝናብ መከላከያ የሚሆን ጌሳ ይሠራል። በየቁጥቋጦው የሚለቀመው ጭራሮ ዛፍ ላጣው ደጋ ማገዶ ነው። ከሁሉም በላይ በደረቁ ወራት የከብት መኖ ከየቀዬው ሲጠፋ፣ በተለይም ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የእርሻ በሬን ከሞት የሚያተርፈው የጓሳ ግጦሽ ነበር። በሬው ከተረፈ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ይኖራል፤ በሬው ካለቀ ግን ቤተ ሰቡም ተሰዳጅ ይሆናል። እንግዲህ ጓሳን መጠበቅ ማለት የክፉ ቀን ስንቅን መጠበቅ ማለት ነበር።

2. የቄሮ ሥርዓት አሠራር

የጓሳ ባለመብትነት የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ነው። በአካባቢው እንደሚነገረው አገሩን ቀድመው ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ሲሆኑ፣ አፈ ታሪኩ የሁለቱን ድርሻ ወሰን ከፈረስ ሽቅድምድም ጋር ያያይዘዋል። ዘመኑም የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ ኃይሉን ካጠናከረበት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጋር ይያያዛል። የአፈ ታሪኩ ዝርዝር እንዴትም ቢሆን ከእርሱ የወጣው ሕግ ግልጽ ነበር፤ የጓሳ ሣር የሚገባው ከነዚህ አባቶች መወለዱን በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ቆጥሮ ማስረዳት ለሚችል ሰው ነው።

ይህን የጋራ ርስት የሚያስተዳድረው ደንብ ቄሮ ይባል ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች እያንዳንዳቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። አባ ቄራው በሥሩ ያለውን ሕዝብ በየአጥቢያው ከፋፍሎ ያዝዛል፤ ጠባቂ ያሰማራል፤ ደንብ የጣሰውን ለፍርድ ያቀርባል። የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ የሥርዓቱ መዋቅር ክፍል መሆኑ ለአባ ቄራው ቃል ክብደት ይሰጠው ነበር፤ ምክንያቱም ደንቡን የጣሰ ሰው የሚጣላው ከአንድ ሹም ጋር ሳይሆን አብሮት ከሚያስቀድሰው፣ በማኅበር አብሮት ከሚጠጣውና በሞቱ ጊዜ ከሚቀብረው ሰው ሁሉ ጋር ነው።

የሥርዓቱ ዋና ምሰሶ ሣሩን ዘግቶ መክፈት ነበር። ጓሳ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሣሩ በሚገባ እስኪያድግ ድረስ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። የመዝጊያው ዘመን ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችል ነበር። የመክፈቻውም ቀን በማንም ፈቃድ የሚወሰን አልነበረም። ሽማግሌዎች የሣሩን ሁኔታ ተመልክተው፣ የሕዝቡንም ችግር መዝነው ሲስማሙ አባ ቄራው በበጋው ወራት ቀኑን ያስነግራል። በመጀመሪያ ሕዝቡ ሣሩን ያጭዳል፤ አጨዳው ካበቃ በኋላ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ከብቱ ይወጣና ጓሳ እንደ ገና ይዘጋል። በመዝጊያው ዘመን ጥበቃው በተራ ስለ ሆነ ባለመብት የሆነ አባወራ ሁሉ ጠባቂም ነበር። ቅጣቱም ከባድ ስለ ነበረ ደንቡ በቃል ብቻ የቀረ አልነበረም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይታያሉ። አንደኛ፣ ባለመብቱ ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ መብትና ግዴታ አይነጣጠሉም፤ ሣር የሚያጭድ ሁሉ ጥበቃ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ደንቡ በሣሩ ዕድገት ይመራል እንጂ በሰው ጥድፊያ አይመራም። ዘለዓለም ተፈራ የተባሉት የዱር እንስሳት ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጸንቶ የኖረ ነባር የጋራ ሀብት አስተዳደር መሆኑን ለውጭው የምሁራን ዓለም አሳውቀዋል።

3. በሣሩ ጥበቃ ውስጥ የተጠበቀው እንስሳ

እዚህ ላይ መምህሩ በጥንቃቄ ሊመለከተው የሚገባ ነጥብ አለ። የቄሮ ደንብ የወጣው ለቀይ ቀበሮ ታስቦ አይደለም። መንዝ የበግ አገር ነው፤ እረኛ ደግሞ ግልገል ትነጥቃለች ብሎ የሚጠረጥራትን ቀበሮ በፍቅር ያያታል ማለት ያስቸግራል። አባቶች የጠበቁት የቤታቸውን ክዳንና የበሬያቸውን መኖ ነው። ይሁን እንጂ ሣሩ ሲጠበቅ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው ሁሉ አብሮ ተጠበቀ።

የነገሩ ሰንሰለት እንደሚከተለው ነው። ቀይ ቀበሮ የሚመገበው በዋናነት በደጋው ሣር ውስጥ የሚኖሩትን የአይጥ ዓይነቶች ነው። አይጦቹ መጠለያና ምግብ የሚያገኙት ሣሩ ሳይጋጥና መሬቱ ሳይታረስ ሲቀር ነው። ምድሩ ከታረሰ አይጡ ይጠፋል፤ አይጡ ከጠፋ ቀበሮው ይራባል። ስለዚህ ማረሻ ወደ ጓሳ እንዳይገባ የከለከለው ደንብ፣ ሳያስበው፣ የቀበሮውን ማዕድ ጠብቆ አቆይቷል።

ጭላዳ ዝንጀሮም ከዚሁ ሰንሰለት ውጭ አይደለም። ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝና አብዛኛው ምግቡ ሣርና ቅጠላ ቅጠል የሆነ እንስሳ ነው። በጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ቀይ ቀበሮ በሚግጡ ጭላዶች መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ቀበሮው የጭላዳ ግልገሎችን አይነካም፤ ጭላዶቹም ከአጠገባቸው አያባርሩትም። እንዲህ ያለ የአብሮ መኖር ልማድ ሊታይ የቻለው ሣሩ፣ ጭላዳውና ቀበሮው በአንድ ቦታ ተጠብቀው በመቆየታቸው ነው።

የቀይ ቀበሮ አጠቃላይ ቁጥር ከ500 ያነሰ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው። የቀረው በጥቂት ተራሮች ላይ በየትንንሽ መንጋው ተበታትኖ ይኖራል። ቀድሞ ይገኝባቸው ከነበሩት ቦታዎች በሰሜን ሸዋ ከጎሽ ሜዳ፣ በደቡብ ወሎ ከጉጉፍቱ፣ በጎጃም ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል። ጎሽ ሜዳና ጓሳ የአንድ አገር ደጋዎች ናቸው። በአንደኛው ቀበሮው ጠፍቶ በሌላው መቆየቱ ከአየር ጠባይ ልዩነት ይልቅ በሰው እጅ የሆነ ነገር እንዳለ ያሳስባል።

4. የ1967ቱ አዋጅና ያስከተለው ሁኔታ

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የአጽመ ርስትን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። የጓሳ ባለመብትነት የተመሠረተው በዘር ቆጠራ ስለ ነበረ ቄሮም መሠረቱን አጣ። አባ ቄራው የሕግ ድጋፍ የሌለው ሽማግሌ ሆነ፤ ሥልጣኑም በአዋጁ ለተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ተላለፈ።

የዚህን ለውጥ ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ መመልከት ስሕተት ይሆናል። ቄሮ ፍትሐዊ ሥርዓት አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ መወለዱን ማስረዳት ያልቻለ ሰው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረውም ሆነ ርስት የሌለው ጭሰኛ፣ በዓይኑ እያየው የሚያድገውን ሣር ሊያጭድ አይችልም ነበር። ቤቱን የሚከድንበትን ሣር በገንዘቡ ወይም በጉልበቱ መግዛት ነበረበት። በክፉ ዓመትም የእርሱ ከብት ከደጅ ሲያልቅ የባለርስቱ ከብት ይተርፍ ነበር። ለነዚህ ሰዎች የ1967ቱ አዋጅ የዘመናት በደል ያከተመበት ነው። የጓሳ ጥበቃ ሲመሰገን ይህ እውነት ከተሸፈነ ተማሪው የሚማረው ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ይሆናል።

ችግሩ የመጣው መብቱ ለብዙዎች ሲሰፋ ግዴታው አብሮ ባለመስፋቱ ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ነበር። የጓሳ ስፋት ደግሞ 10,000 ሄክታር ያህል ነው፤ ይኸውም ከዚህ ዝቅተኛ መጠን ከ12 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ጓሳ የአንድ ማኅበር ሀብት ሳይሆን በዙሪያው ያሉት የብዙ ማኅበራት ደጃፍ ሆነ። ቄሮ አጥቢያዎችን ሁሉ አያይዞ በአንድ አለቃ ሥር ያዝዝ ነበር፤ አዲሱ አደረጃጀት ግን እያንዳንዱን ማኅበር ለየራሱ ወሰን ተጠሪ አደረገው። አንዱ ማኅበር ሣሩን ልዝጋ ቢል ጎረቤቱ ያጭደዋል ብሎ ይሰጋል፤ ስለሚሰጋም ቀድሞ ያጭዳል። ቀድሞ ባለመብት የነበረው ሰው ርስቴን ልነጠቅ ነው በሚል፣ አዲሱ ደግሞ ተራዬ ደረሰ በሚል ስሜት ወደ ሣሩ ተሽቀዳደሙ። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ የነበረው ምድር ጠባቂ አጣ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የመሬት አዋጁ መውጣት አልነበረበትም የሚል አይደለም። አንድን ነባር ተቋም የሚሽር ሕግ ያ ተቋም ሲሠራ የነበረውን ሥራ ማን እንደሚረከበው ካላመለከተ፣ በደሉ ሲወገድ ጥቅሙም አብሮ እንደሚወገድ ነው።

5. ከጓሳ ኮሚቴ እስከ ሕጋዊ እውቅና

የመንዝ ገበሬዎች ግን ነገሩን እንዲያው አልተዉትም። በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ከየራሳቸው ተወካይ መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የቄሮን ያህል ክንደ ብርቱ ባይሆንም ሣሩን የመዝጋትና የመክፈትን ልማድ ከመጥፋት አድኖታል። በአደረጃጀቱ ረገድ ግን ከቄሮ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር ነበረ። በኮሚቴው ውስጥ የሚወከለው የአባት ስም የሚቆጥር ሰው ሳይሆን በማኅበሩ ወሰን ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ነው። በሌላ አነጋገር ሕዝቡ የድሮውን ሥርዓት መልሶ አልተከለም፤ የዘር መለኪያውን ትቶ የመዝጊያውን ደንብ መርጦ አስቀረ።

በ1983 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ተመራማሪዎችና የጥበቃ ድርጅቶች ለቦታው ትኩረት ሰጡ። በውጤቱም ጓሳ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኅብረተሰብ ጥበቃ ሥፍራ ሆኖ በአማራ ክልል ሕጋዊ እውቅና አገኘ። ይህ አከላለል ከብሔራዊ ፓርክ የሚለየው ባለቤትነቱና አስተዳደሩ በአጎራባች ቀበሌዎች ሕዝብ እጅ በመሆኑ ነው። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ልጆች ሲሆኑ፣ ከጎብኚዎች የሚገኘውም ገቢ ለዚያው ሕዝብ እንዲውል ተደርጎ የታቀደ ነው።

የዚህን ምርጫ ትርጉም ለመረዳት የሰሜን ተራሮችን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ ፓርኩ ሲከለል በውስጡ የሚኖረው ገበሬ እንደ እንቅፋት ታየ። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ከዚያ ሊወጣ የቻለው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከመውጣቱም በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ሁለቱም ቦታዎች ለጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ለማቆየት የቆሙ ናቸው። ነገር ግን በአንደኛው ጥበቃው የሰውን መውጣት ሲጠይቅ፣ በሌላው የሰውን መኖርና መጠበቅ ይጠይቃል። የትኛው መንገድ ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ ማመዛዘን ተማሪዎች ሊወያዩበት የሚገባ ቁም ነገር ነው።

6. የትምህርት ድርሻ

ቄሮ በኖረበት ዘመን ደንቡን ለማስተማር ትምህርት ቤት አያስፈልግም ነበር። ልጁ ከአባቱ ጋር ጥበቃ ይወጣል፤ በመክፈቻው ቀን ማጭድ ይዞ ይከተላል፤ ደንብ የጣሰ ጎረቤት ሲቀጣ ቆሞ ያያል። ሣሩ ለምን እንደሚዘጋ ቢጠይቅ መልሱ ከራሱ በላይ ያለው የቤቱ ክዳን ነው።

ዛሬ ይህ መልስ እየተለወጠ ነው። በመንዝም እንደ ሌላው የአገሪቱ ገጠር የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቆርቆሮ የቤተ ሰብ ኑሮ መሻሻል ምልክት በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁንና ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሰውን ከሣሩ ጋር ካስተሳሰሩት ምክንያቶች ዋናው እየላላ መሄዱን ያመለክታል። ልጁ የሚኖረው በቆርቆሮ ቤት ከሆነ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው በጥበቃ ሳይሆን በትምህርት ቤት ከሆነ፣ ለጓሳ መዘጋት ምክንያቱን ከየት ያገኛል? የምንጩ ውኃ፣ የክፉ ዓመት ግጦሽ፣ የጎብኚው ገቢና የቀበሮው መኖር ምክንያት ሊሆኑት ይችላሉ፤ ነገር ግን እነዚህ እንደ ቤት ክዳን በዓይን የሚታዩ ሳይሆኑ በማሰብ የሚደረስባቸው ናቸው። በማሰብ የሚደረስበትን ነገር ማስተማር ደግሞ የትምህርት ቤት ሥራ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ይጠቅማሉ።

ሀ) የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ከፓርኮች ዝርዝር ይልቅ ከተማሪው ቀዬ ቢጀምር የተሻለ ነው። ጓሳ የመንዝ ምሳሌ ነው። በሌላው አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የኮንሶ እርከን ወይም የቦረና ኤላ ተመሳሳይ ጥያቄ ለማንሣት ያገለግላል፤ ይኸውም ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጠብቃል፣ መቼ ይከፈታል የሚለው ነው።

ለ) ተማሪዎች ከአገር ሽማግሌዎች ቃል እንዲሰበስቡ ማድረግ ታሪክንም አማርኛንም ያዳብራል። ሲሰበስቡ ግን ባለመብት የነበረውን ብቻ ሳይሆን መብት ያልነበረውንም እንዲጠይቁ መምራት ያስፈልጋል። የሁለቱ ቃል ሲነጻጸር አንዱ ማስረጃ ብቻውን እንደማይበቃ ተማሪው በተግባር ይረዳል።

ሐ) የሣሩ፣ የአይጡ፣ የጭላዳውና የቀበሮው ሰንሰለት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ የአዋጁ ታሪክ በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተነጣጥለው ቢሰጡም፣ መምህራኑ ተመካክረው ሁለቱን በአንድ ርእስ ሥር ቢያገናኟቸው ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል። ምክንያቱም ቀበሮውን ያቆየው ሣሩ ሲሆን፣ ሣሩን ያቆየው ደግሞ ደንቡ ነው።

መደምደሚያ

የጓሳ ታሪክ የሚያሳየው የአገር ሕዝብ በተፈጥሮው የዱር እንስሳ ወዳጅ መሆኑን ወይም በተፈጥሮው የዱር እንስሳ ጠላት መሆኑን አይደለም። የሚያሳየው የታወቀ ባለመብት፣ ከመብቱ ጋር የተሳሰረ ግዴታና የመታገሥ ደንብ ሲኖር፣ ድሃ ገበሬም እንኳ ሣር በደጁ እያለ ለዓመታት ሳይነካው መቆየት የሚችል መሆኑን ነው። ቄሮ ይህን ያደረገው ብዙዎችን ከመብት ውጭ አድርጎ ነበር። የ1967ቱ አዋጅ መብቱን ሲያሰፋ ትዕግሥቱን በተነው። ኮሚቴውና ከእርሱ የቀጠለው የኅብረተሰብ ጥበቃ ሥፍራ የሁለቱን ጥቅም ለማጣመር የተደረገ ሙከራ ነው፤ ሙከራውም ገና አልተፈጸመም።

የሚፈጸመውም በሕግ ብቻ አይደለም። አባ ቄራው በጉባኤ ያስነግር የነበረውን ቃል ምክንያቱን የሚያብራራ ሰው ያስፈልገዋል። በመንዝ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለው መምህር ይህን ድርሻ ከተወጣ፣ ነገ በቀበሌው ጉባኤ ላይ ጓሳ ይከፈት ወይስ ይቆይ ተብሎ ሲጠየቅ እጁን የሚያነሣው ወጣት ለምን እንደሚያነሣ የሚያውቅ ይሆናል።